ስለ እጅ ስልክ ጥቅምና ስለ ተሰወረው ዋጋው

ልጆች ሆይ፥ ማናቸውም መሣሪያ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በገበያ የሚከፈለው ነው፤ ይህን ሻጩ ይነግረናል። ሁለተኛውን ግን ሻጩ አይነግረንም፤ ምናልባትም እርሱ ራሱ አያውቀውም። ዛሬ የምናነበው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ዋጋ ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም የእጅ ስልክ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ በብዙ ሰው እጅ ይገኛልና።

አስቀድመን ጥቅሙን እንናገር፤ ጥቅሙን ትቶ ጉዳቱን ብቻ መቁጠር ፍርድ ማጉደል ነውና። በአገራችን የእጅ ስልክ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በደቡብ ኦሞ ገጠር ሰው በጽኑ ቢታመም፥ ወሬው ወደ ጂንካ የሚደርሰው በእግረኛ ወይም በመኪና ነበር፤ መኪናውም በየቀኑ አይገኝም ነበር። ዛሬ የስልክ መስመር በደረሰበት ቀበሌ አንድ ጥሪ ይበቃል። ፍየሉን ወደ ዲመካ ገበያ የሚነዳ ሰውም ከቤቱ ሳይነሣ የዕለቱን ዋጋ መጠየቅ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር ቴሌብር የሚባለው የገንዘብ መላኪያ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ፥ በሩቅ ከተማ የሚሠራ ልጅ ለእናቱ ገንዘብ ሲልክ የሚታመን መንገደኛ መፈለግ ቀርቶለታል። ይህ ሁሉ ታላቅ ጥቅም ነው፤ የሚክደውም የለም።

አሁን ወደ ዱስ እንውረድ። ዱስ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር ያለ የካሮ ሕዝብ መንደር ነው። ካሮዎች በቁጥር ጥቂት ሕዝብ ናቸው፤ ከዱስ ሌላ ኮርቾና ላቡክ የሚባሉ መንደሮች አሉአቸው። ፍየልና ከብት ያረባሉ፥ ማሽላ ይዘራሉ፥ ንብ ያነባሉ። ገላቸውንም በነጭ ጠመኔ፥ በቀይና በቢጫ አፈር፥ በከሰልም አሳምረው መሣል ያውቃሉ። ነጩ ነጠብጣብ አንዳንድ ጊዜ የጅግራን ላባ ይመስላል። ይህ ጌጥ በጥንት ለጭፈራና ለበዓል የሚደረግ ነበር።

ይህን ጌጥ ለማየት ከሩቅ አገር ብዙ ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ ፎቶግራፍም ያነሣሉ። ቀድሞ የፎቶግራፍ መኪና ፊልም የሚባል ነገር ይጎርስ ነበር። አንዱ ጥቅል ፊልም 36 ሥዕል ብቻ ይይዛል፤ እያንዳንዱም ሥዕል አንሺውን ገንዘብ ያስወጣዋል። ስለዚህ አንሺው አስቦና መርጦ ያነሣ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ግን ስቲቨን ሳሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ በአሜሪካ አገር በኮዳክ ኩባንያ ውስጥ ፊልም የማይሻ መኪና ሠራ። ያ መኪና ሥዕሉን በ10,000 ነጥብ ከፋፍሎ በቁጥር ይጽፈው ነበር፤ አንዱን ሥዕል ለመመዝገብም 23 ሰኮንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዝ ስልክ ሥዕሉን በብዙ ሚሊዮን ነጥብ፥ በዓይን ጥቅሻ ይጽፈዋል። ምስጢሩ ይህ ነው፤ ሥዕሉ ቁጥር ሆኗል።

ቁጥር የሆነ ነገር አይቀደድም፥ አይደበዝዝም፤ ቢገለብጡትም መጀመሪያውና ግልባጩ አይለዩም። አንሺው መቶ ጊዜ ቢያነሣ አንድ ሳንቲም አይጨምርም፤ ስለዚህ መቁጠር ተወ። የዱስ ሰው ግን መቁጠር ጀመረ። ለአንድ ሥዕል ይህን ያህል ብር ተብሎ ዋጋ ይቆረጣል፤ መኪናው ቀጭ ባለ ቁጥር ሰውየው በልቡ ይደምራል። በሂሳቡም ጊዜ ጎብኚው «ሦስት ብቻ አነሣሁ» ይላል፥ ሰውየው «አይደለም፥ ሰባት ነው» ይላል፤ ጭቅጭቅም ይነሣል። የዛሬ ስልክ ድምፅ ሳያሰማ ማንሣት ስለሚችል ቆጣሪውን ይበልጥ ያስቸግረዋል። እንግዳና ባለቤት በእንዲህ ያለ ነገር መናቆራቸው፥ በእኔ አስተያየት፥ ከዋጋው ሁሉ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ሌላ ነው። አንዲት እናት በማለዳ ተነሥታ፥ ልጇን አዝላ፥ ለጎብኚ ፊት ቆመች እንበል። ጥቂት ብር ተቀበለች። ምን እንደ ሸጠች ብትጠየቅ «ለጥቂት ጊዜ ቆምሁለት» ትላለች። ሥዕሉ ግን በዚያው ቀን ምሽት ባሕር ተሻግሮ በማታውቃቸው ሺህ ሰዎች እጅ ሊገባ ይችላል። በመጽሐፍ ልባስ ላይ ይወጣ ይሆናል፥ ለንግድ ማስታወቂያም ይሆን ይሆናል። ብዙ ጊዜ ስሟ ከሥሩ አይጻፍም፤ «የኦሞ ሴት» ተብሎ ይታለፋል። ልጁም አድጎ ማንበብ በተማረ ጊዜ የሕፃንነት መልኩን በማያውቀው ሰው መጽሐፍ ላይ ቢያገኘውና ባይወደው፥ «መልሱልኝ» ብሎ የሚሄድበት ቤት የለውም። የተሸጠ ፍየል የት እንደ ገባ ይጠየቃል፤ የተሸጠ መልክ ግን መንገዱ አይታወቅም። ስለዚህ እናንተም ስልክ ብታገኙና የሰው ሥዕል ልታነሡ ብትወዱ፥ ታላላቆቻችሁን በአክብሮት አስፈቅዱ፤ ሥዕሉ ወዴት እንደሚሄድም ሳትደብቁ ንገሩአቸው።

ይህ ሥዕል የሚኖርበትንም ቤት ማወቅ ይገባል። ሰዎች ክላውድ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ደመና ማለት ነው። ስሙ ያማረ ነው፥ ነገር ግን ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም። በምድር ላይ የተሠራ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ በውስጡም ሌትና ቀን የማያርፉ መኪናዎች ተደርድረዋል። እንዲህ ያሉት አዳራሾች እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓለም የኤሌክትሪክ ኃይል ከመቶው አንድ ተኩል እጅ ያህል እንደ ፈጁ ተገምቷል።

ኤሌክትሪክ ካልን ዘንድ ደግሞ ወደ ወንዛችን መመለሳችን ነው፤ በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከሁሉ ይልቅ ከውኃ የሚገኝ ነውና። ከዱስ እጅግ ርቆ ወደ ላይ፥ በወላይታና በዳውሮ መካከል፥ የኦሞ ወንዝ በታላቅ ግድብ ተገድቧል። ስሙ ግልገል ጊቤ ሦስት ይባላል፤ ቁመቱ 243 ሜትር፥ ኃይሉም 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በአገሪቱ ውስጥ ከሚሠሩት የኃይል ማመንጫዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። ከዚህ የሚወጣው ኃይል ለሆስፒታል መብራት፥ ለፋብሪካ ጉልበት፥ ለስልካችንም ነፍስ ይሆናል።

ግድቡ ውኃ መያዝ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በየዓመቱ የደጋው ክረምት ሲበረታ ኦሞ ይሞላና ከዳሩ ወጥቶ ሜዳውን ይሸፍን ነበር። ውኃው ሲሸሽ ጥቁር ለም ደለል ትቶ ይሄዳል። የካሮ ገበሬም በዚያ ርጥብ ጭቃ ላይ በእንጨት ጉድጓድ እየነቀሰ ማሽላ ይዘራል። በሬ አያስፈልገውም፥ ማዳበሪያ አያስፈልገውም፥ ዝናብም ቢቀር ብዙ አይጨነቅም፤ ርጥበቱ ከሥር አለለት። በዚያ ቆላ ዝናብ የማይታመን ስለ ሆነ ይህ ደለል የቤቱ ጎተራ ነበር። ግድቡ ሲታቀድ፥ በየዓመቱ ለዐሥር ቀን ያህል ውኃ ተለቅቆ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንዲደረግ ታስቦ ነበር። ሆኖም እንደ ጥንቱ በየዓመቱ የሚመጣውና ማሽላውን ያበቅል የነበረው ጎርፍ አልተመለሰም።

እዚህ ላይ እውነቱን ለክተን እንናገር። ወንዙ የተገደበው ለስልክ ብቻ አይደለም። አንድ ስልክ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ቢሞላ የሚፈጀው ኃይል፥ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ቀን ጋገራ ከሚፈጀው እምብዛም አይበልጥም። እንጀራ መጋገሪያውም፥ የወፍጮውም መኪና፥ የስኳሩም እርሻ ከዚያው ወንዝ ድርሻ አላቸው። ኃይሉ ለብዙ ሚሊዮን ሰው መድረሱም መልካም ነው። ነገር ግን የከተማው ሰው በወሩ መጨረሻ የመብራት ሒሳብ ሲከፍል፥ በዚያ ወረቀት ላይ የዱስ ማሽላ አልተጻፈም። ዋጋው የተከፈለው በሌላ ስፍራ፥ በሌላ ሰው ነው።

የመብራት ሽቦ ባልደረሰበት ቆላ ስልክ ያለው ሰው ከፀሐይ ኃይል በሚቀበል ትንሽ ሰሌዳ ስልኩን ይሞላል። ከኦሞ የሚወጣው ኃይል በሽቦ ወደ ሩቅ ከተማ ያልፋል። ከከተማውም ጎብኚው ስልኩን ሞልቶ፥ በጂንካና በቱርሚ በኩል አድርጎ ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳል። በዚያም የተቀባችው እናት ቆማ ትጠብቀዋለች። ከእርሱም የምታገኘው ብር ወደ ዲመካ ገበያ ይሄዳል፤ በብሩም ማሽላ ይገዛበታል።