ለቤዝ ጊታር የሚስማማውን የስፒከር ሳጥን ስለ መምረጥ

መዘምራን ቤዝ ጊታርን ከያዙ ወዲህ ከሕዝቡ ዘንድ የሚሰማው ወቀሳ ሁለት ዓይነት ነው። በፊት የተቀመጡት «ድምፁ ደረታችንን ይመታናል» ይላሉ፤ በኋላ ያሉት ደግሞ «ጉምጉምታ እንጂ ዜማ አይሰማንም» ይላሉ። ነቀፌታውም ብዙ ጊዜ በተጫዋቹ ላይ ይወርዳል። እኔ ግን ከጣቶቹ አስቀድሞ ሳጥኑንና የሳጥኑን አቀማመጥ መመርመር ይገባል እላለሁ።

አራት አውታር ያለው ቤዝ ጊታር በተለመደው ቅኝት ሲቃኝ ወፍራሙ አውታር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የቀሩትም በየተራቸው 55፥ 73ና 98 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። የዚያ የወፍራሙ አውታር ድምፅ ማዕበል ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ ይህም ከብዙ አዳራሾች ወርድ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመላለሰ በአንዱ ስፍራ ይበረታል፥ በሌላው ስፍራ ይደክማል። ይህን ጠባይ ሳጥን ብቻውን ሊያስወግደው አይችልም።

ነገር ግን ጆሯችን ቤዙን የሚያውቀው በዚያ በዝቅተኛው ርግብግቢት ብቻ አይደለም። ከእርሱ ጋር አብረው የሚነሡ፥ ሁለት እጥፍ፥ ሦስት እጥፍ፥ ከዚያም በላይ የሆኑ ድምፆች አሉ። ዝቅተኛው ቢደክም እንኳ እነዚህ ጥርት ብለው ከተሰሙ ጆሮ የጎደለውን ራሱ ሞልቶ ይሰማዋል። የአገራችን በገና ደርዳሪዎች ይህን ነገር በሥራቸው ያውቁታል፤ በአውታሩና በመቆሚያው መካከል የሚገባው እንዝራ የተባለው ቁራጭ ቆዳ አውታሩን እያንዘረዘረ ላይኛውን ድምፅ ስለሚያበዛለት ዝቅተኛው አውታር በግልጥ ይሰማል። እንግዲህ ሚዛኑን የጠበቀ የቤዝ ድምፅ ማለት ከታች ያለው ብዛት ሳይሆን የታችኛውና የመካከለኛው ስምምነት ነው።

በሙዚቀኞች መካከል «15 ኢንች ለወፍራም ድምፅ፥ 10 ኢንች ለቀጭን ድምፅ ነው» የሚል አባባል ሰፍቷል። ይህ አባባል በግማሽ እንኳ እውነት መሆኑ ያጠራጥራል። ስፋቱን ብናሰላ፥ አንድ ባለ 15 ኢንች ክብ 177 ካሬ ኢንች ያህል ነው፤ ሁለት ባለ 10 ኢንች ክቦች 157 ይሆናሉ፤ አራቱ ደግሞ 314። ስለዚህ ባለ አራቱ ሳጥን ከባለ አንዱ 15 ይልቅ ብዙ አየር ለማንቀሳቀስ ሊችል ይችላል። አንድ ሳጥን ወደ ታች ምን ያህል እንደሚደርስ የሚወሰነው በስፒከሩ አሠራር፥ በሳጥኑ ውስጥ ባለው ባዶ ስፍራና በአየር መውጫው ቀዳዳ መጠን ነው። ዝቅ ብሎ መድረስ፥ በጥቂት ኃይል ብዙ መጮኽ፥ ትንሽ ሆኖ መሸከም፤ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሳጥን ሙሉ በሙሉ አይገኙም። ሁለቱን የወደደ ሦስተኛውን ይተዋል። ትንሽም፥ ኃይለኛም፥ ጥልቅም ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ነጋዴ በጥንቃቄ ስሙት።

በ1969 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የወጣው አምፔግ ኤስቪቲ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮችን ቀዳዳ በሌለው ሳጥን ውስጥ ይዞ ነበር፤ ዝናውም እስከ ዛሬ አልጠፋም። ቁመቱ ድምፁን ወደ ቆሙ ሰዎች ጆሮ ያደርሳል። ክብደቱ ግን የብዙ ሰው ትከሻ ይፈልጋል። ለመካከለኛ አዳራሽ ሁለት ባለ 2×10 ሳጥኖችን ገዝቶ አንዱን በሌላው ላይ በቁመት መደራረብ ይሻላል ባይ ነኝ። ጎን ለጎን ቢቀመጡ መካከለኛውና ከፍተኛው ድምፅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደሚገባው አይዘረጋም፤ ሲደራረቡ ግን በጎን የተቀመጡትም ይሰማሉ። ለትንሽ ስብሰባም አንዱ ብቻ ይበቃል።

ሳጥኖች ሲጨመሩ ኦም የሚባለውን ልኬት መመልከት ግድ ነው። ባለ 8 ኦም ሁለት ሳጥኖች በተለመደው መንገድ ሲያያዙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ባለ 4 ኦም ሁለቱ 2 ይሆናሉ። አምፕሊፋየሩ ከ4 በታች አልችልም ካለ ይህ ሁለተኛው ሊያቃጥለው ይችላል። ቁጥሩም በሳጥኑ ጀርባ ስለሚጻፍ ያንን ሳያነቡ መግዛት አይገባም። ዋትን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የዋቱ መጠን እጥፍ ቢሆን ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል። በእኩል ዋት በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ሳጥን ያገኘ ሰው እጥፍ ኃይል ያለውን አምፕሊፋየር እንደ ገዛ ይቈጠራል።

አምስተኛ አውታር ያለው ቤዝ ወደ 31 ይወርዳል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ከተሠራበት ልክ በታች ሲገደድ ስፒከሩ ያለ ልክ ይወዛወዛልና ዝቅተኛውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ቢኖር መልካም ነው።

ስለ ስፍራውም፥ ሳጥኑ በማዕዘን ቢቀመጥ ዝቅተኛው ድምፅ ያለ መጠን ይበረታል። ከኋላው ግድግዳ 1 ሜትር ያህል ቢርቅ ደግሞ ከግድግዳው የተመለሰው ድምፅ በ86 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ይሽረዋል፤ ያም ለቤዝ ዋና ስፍራ ነው። ስለዚህ ከማዕዘን አርቆ፥ ወደ ግድግዳው አስጠግቶ፥ የቤዙን ቁልፍ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይመረጣል። ውስጡ ባዶ የሆነ የሣንቃ መድረክ ራሱ እንደ ከበሮ ስለሚያስተጋባ በሳጥኑ ሥር ወፍራም ስፖንጅ ይነጠፍ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሳጥኑን ለብቻው አትፈትኑት፤ ለብቻው የሚያስደስት ወፍራም ድምፅ ከበሮና ኦርጋን ሲገቡ ይዋጣልና። ሌላ ሰው ይጫወት፤ እናንተ እስከ በሩ ድረስ እየሄዳችሁ አድምጡ፤ ሕዝቡም ከተቀመጠ በኋላ ያንኑ ደግማችሁ አድርጉ፤ ልብስና ሰውነት ከፍተኛውን ድምፅ ስለሚውጥ ጠዋት በባዶው ቤት የተስተካከለው ቁልፍ እንደገና መነካካት ያስፈልገዋል።