ከባድ ተሳቢ ለመጎተት የሚሆን ፒክአፕ መኪና አመራረጥ

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

እህል ከአውድማ በሚነሣበት ወራት፣ እንዲሁም ክረምት ከመግባቱ በፊት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በሚከፋፈልበት ጊዜ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዋና ጭንቀት መጓጓዣ መሆኑ የታወቀ ነው። የጭነት መኪና መከራየት ወጪው ይከብዳል፤ በተፈለገበት ቀንም ላይገኝ ይችላል። በዚህም ምክንያት ብዙ ማኅበራት አንድ ፒክአፕ ገዝተው ከኋላው ተሳቢ በማሰር ችግራቸውን ለማቃለል ያስባሉ። ተሳቢው ሲፈታ ፒክአፑ ለመስክ ሥራም ሆነ ለአስቸኳይ ጉዳይ ስለሚያገለግል ሐሳቡ ተገቢ ነው።

ሆኖም ምርጫው ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው «ይህ መኪና ስንት ኩንታል ይጎትታል?» በሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄው ጎዶሎ ነው። መጎተት የሞተር ሥራ ሲሆን ማቆም ግን የፍሬን፣ የጎማ፣ የሻንሲና የጭነት አደላደል ሥራ ነው። ዳገት ያቃተው መኪና መንገድ ላይ ይቆማል፤ ቁልቁለት ያቃተው መኪና ግን አይቆምም። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ፒክአፕና ተሳቢ ምን ያህል ጭነት በደኅና አውርደው ማቆም እንደሚችሉ በማስላት እንዴት እንደሚመረጡ ነው።

2. አስቀድሞ መታወቅ ያለባቸው ክብደቶች

ከመግዛት በፊት የሚከተሉት ቁጥሮች በመኪናው መመሪያ መጽሐፍና በበሩ አካባቢ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ተፈልገው በጽሑፍ መያዝ አለባቸው። የሻጭ ቃል ብቻውን በቂ አይደለም።

ሀ) ባዶ ክብደት፦ መኪናው ሰውና ጭነት ሳይኖረው የሚመዝነው።
ለ) የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት፦ መኪናው ሰው፣ ጭነትና የመንጠቆ ጫና ተጨምሮበት ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ክብደት። የኋላ አክስሉም የራሱ ወሰን አለው።
ሐ) የመጎተት አቅም፦ ተሳቢው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚችለው ከፍተኛ ክብደት። ፍሬን ላለውና ለሌለው ተሳቢ የተለያየ ነው።
መ) የጥምር ክብደት፦ መኪናውና ተሳቢው ሁለቱም ከነጭነታቸው ተደምረው ሊደርሱበት የሚችሉት ከፍተኛ ክብደት።
ሠ) የመንጠቆ ጫና፦ የተሳቢው መጎተቻ ዘንግ በመኪናው መንጠቆ ላይ ወደ ታች የሚያሳርፈው ክብደት።

እንደ ቶዮታ ሃይሉክስና ኢሱዙ ዲማክስ ያሉ ፒክአፖች በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ 3500 ኪሎ ግራም እንዲጎትቱ ተፈቅዶላቸዋል። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ግን የብዙዎቹ ወሰን 750 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ መኪናዎች እንኳ በሞተራቸው፣ በማርሻቸውና በተሠሩበት ዘመን ስለሚለያዩ የሚገዛው የራሱ የመኪናው ቁጥር እንጂ የስሙ ዝና መታየት የለበትም።

3. ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

ለምሳሌ ባዶ ክብደቱ 2000፣ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደቱ 3000፣ የመጎተት አቅሙ 3500፣ የጥምር ክብደቱ 5800 ኪሎ ግራም የሆነ ፒክአፕ እንውሰድ። ተሳቢው ባዶውን 700 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል።

ብዙዎች 3000ና 3500 ደምረው 6500 ኪሎ ግራም ይቻላል ብለው ያስባሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ የጥምር ክብደቱ ከ5800 እንዳይበልጥ ይከለክላልና። ተሳቢው 3500 ከመዘነ ለመኪናው የሚቀረው 2300 ነው። ከዚህ ላይ ባዶ ክብደቱ 2000፣ ሾፌሩና ረዳቱ 150 ሲቀነስ ለዕቃ መጫኛው የሚተርፈው 150 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ በተሳቢው 28 ኩንታል፣ በመኪናው 1 ኩንታል፣ በድምሩ 29 ኩንታል ይጫናል ማለት ነው።

በወረቀት ላይ ይህ የተፈቀደ ነው። ይሁንና 3500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ 2250 ኪሎ ግራም በሚመዝን መኪና ሲጎተት፣ የሚጎተተው ከሚጎትተው እጅግ ይከብዳል። በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ቢኬድ ላያስቸግር ይችላል። በቁልቁለትና በመታጠፊያ ላይ ግን ተሳቢው መኪናውን መግፋትና ማወዛወዝ ይጀምራል።

ተራራማ መንገድ ለሚያቋርጡ ማኅበራት እኛ የምንመክረው የተጫነው ተሳቢ ከተጫነው መኪና ክብደት እንዳይበልጥ ነው። በዚሁ ምሳሌ ተሳቢው ከነጭነቱ 2300 ይሁን፤ ጭነቱ 16 ኩንታል ይሆናል። የመንጠቆው ጫና 230 ኪሎ ግራም ቢሆን በመኪናው ላይ 6 ኩንታል መጫን ይቻላል። መኪናው 2750፣ ከመንጠቆው ጫና ጋር 2980 ኪሎ ግራም ስለሚሆን ከ3000 አያልፍም። ጥምሩም 5050 ነው። በድምሩ 22 ኩንታል ተጫነ ማለት ነው። ከመጀመሪያው አጫጫን ጋር ያለው ልዩነት 7 ኩንታል ነው። በ7 ኩንታል ጥቅም የሾፌሩንና የረዳቱን ሕይወት፣ የአባላትንም ንብረት ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም።

4. ፍሬን

ከምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከደጀን ወደ አባይ ሸለቆ ይወርድና እንደገና ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ቁልቁለቱ ብቻ ከ1200 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። 5800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪናና ተሳቢ 1200 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት፣ ሁለት ሊትር ያህል ናፍጣ ሲቃጠል ከሚወጣው ሙቀት ጋር የተመጣጠነ ነው። ከዚህ አብዛኛውን የሚሸከሙት ሞተሩና ፍሬኑ ናቸው። ሾፌሩ በከፍተኛ ማርሽ እየወረደ ፍሬን ብቻ ከረገጠ ሙቀቱ በሙሉ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። የጋለ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል፤ የፍሬን ዘይቱም ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል።

በመሆኑም፦

ሀ) ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ተሳቢ ሁሉ የራሱ ፍሬን ይኑረው። ባዶው 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፍሬን የሌለው ተሳቢ መጫን የሚችለው 5 ኩንታል ብቻ ነው።
ለ) ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ በራሱ የሚይዘው የፍሬን ዓይነት ቀላልና ርካሽ ነው። ነገር ግን በረጅም ቁልቁለት ላይ ሳያቋርጥ ስለሚይዝ ይግላል። ሾፌሩ ከጋቢናው የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ፍሬን ለተራራማ አገር ይመረጣል።
ሐ) ተሳቢው ከመንጠቆው ቢላቀቅ ፍሬኑን በራሱ የሚያስይዝ ገመድና በመጎተቻው ዘንግ ሥር ተጠላልፈው የሚታሰሩ ሁለት ሰንሰለቶች ይኑሩት።
መ) የትራክተር ተሳቢ በፒክአፕ አይጎተት። አብዛኛውን ጊዜ ለዝግተኛ ጉዞ የተሠራ ሲሆን ጎማውም ሆነ ማያያዣው ለአውራ ጎዳና ፍጥነት አይሆንም፤ ብዙውም ፍሬን የለውም።

5. ሞተርና ከፍታ

በደጋው አገር አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በ2500 ሜትር ላይ ሩብ ያህሉን አጣ ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱ ያነሰ ስለሆነ ለደጋ ሥራ የተሻለ ነው። የናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጥሩ ጉልበት ስለሚሰጥ ለመጎተት ይስማማል። በአራቱም እግር የሚነዳና ዝቅተኛ የኃይል ማርሽ ያለው መኪና ደግሞ በጭቃ መንገድና በአስቸጋሪ ቁልቁለት ላይ ይጠቅማል።

ጠንካራ ሞተር ማለት ጠንካራ ፍሬን ማለት አለመሆኑን ግን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሞተሩ ቢለወጥ ወይም ባሌስትራ ቢጨመር ፋብሪካው የወሰነው ክብደት አይጨምርም።

6. የመኪናው አካል

ነጠላ ጋቢና ያለው ፒክአፕ ከደብል ጋቢናው ይልቅ ባዶ ክብደቱ ያነሰ፣ የዕቃ መጫኛውም የረዘመ በመሆኑ ለጭነት ሥራ ይመረጣል። ደብል ጋቢና የሚያስፈልገው ሰው ማጓጓዝ የዘወትር ሥራ ሲሆን ብቻ ነው። ያገለገለ መኪና ሲገዛ ሻንሲው ስንጥቅ፣ ብየዳ ወይም ዝገት እንደሌለው ከሥር ይታይ። መንጠቆው የሚታሰረው ከሻንሲው ጋር እንጂ ከኋላ መከላከያው ጋር መሆን የለበትም። ጎማዎቹም የሚሸከሙት ክብደት የተጻፈባቸው፣ ለጭነት የተሠሩ ይሁኑ።

በፊትና በኋላ እግሮች መካከል ያለው ርቀት የረዘመ፣ መንጠቆውም ለኋላ እግር የቀረበ ሲሆን መኪናው ይረጋጋል። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። በእግሮቹ መካከል 3.1 ሜትር ርቀት ባለው መኪና ላይ፣ ከኋላ እግር 1.2 ሜትር ርቆ በተተከለ መንጠቆ 350 ኪሎ ግራም ቢያርፍ የኋላው እግር የሚጨመርበት 485 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የፊቱ እግር ደግሞ 135 ኪሎ ግራም ያህል ይቀልለታል። የፊቱ እግር ሲቀል መሪው ይላላል፤ የፊት ፍሬንም አያያዙ ይደክማል።

7. ጭነት አደላደልና የመንጠቆ ጫና አመዛዘን

በመካከሉ አክስል ያለው ተሳቢ ሲጫን ከጭነቱ ጥቂት የሚበልጠው ከአክስሉ ፊት መሆን አለበት። የመንጠቆው ጫና ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ያህል እንዲሆን እንመክራለን፤ ይሁንና ለመኪናውና ለመንጠቆው ከተወሰነው በላይ መሆን የለበትም። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው እንደ ጅራት ይወዛወዛል። ወደ ፊት እጅግ ካደላ ደግሞ ከላይ እንደ ተገለጸው መሪውን ያቀላል።

ይህን ለማወቅ ማኅበሩ እህል የሚመዝንበት ሚዛን ይበቃል፤ ሚዛኑ ግን የሚጠበቀውን ጫና የሚችል መሆን አለበት። ተሳቢው ተጭኖ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁምና ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፉ። ሚዛኑ ላይ ጠንካራ ግንድ አቁሞ፣ የመጎተቻው ዘንግ ጫፍ ከመኪናው ጋር ሲያያዝ በሚኖረው ከፍታ ልክ እንዲያርፍበት ማድረግ ነው። የግንዱ ክብደት ሲቀነስ የቀረው የመንጠቆው ጫና ነው። ጫናው ካነሰ ጥቂት ጆንያ ወደ ፊት፣ ከበዛ ወደ ኋላ ማዛወር ነው።

8. አነዳድ

ሀ) ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ይግባ። ማርሽ አውጥቶ መውረድ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።
ለ) ፍጥነት ሲጨምር ፍሬኑ ጠበቅ ተደርጎ ለአጭር ጊዜ ይያዝና ይለቀቅ፤ ሳያቋርጡ መርገጥ ያግለዋል።
ሐ) ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በ80 ከመሄድ በ40 መሄድ ትልቅ ልዩነት አለው።
መ) ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። መኪናውን በድንገት ፍሬን መያዝም ሆነ መሪ ማወናጨፍ ያገለብጣል። የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ከጋቢናው መያዝ የሚቻል ከሆነ ግን ይረዳል።
ሠ) በተሳቢ ላይ ሰው አይጫን። ጆንያ ላይ ተቀምጦ መሄድ በየገበያው ቀን የሚታይ ልማድ ቢሆንም ተሳቢው ሲገለበጥ በላዩ ያለ ሰው መሸሻ የለውም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ይህን በውስጥ ደንብ ቢያስወስን መልካም ነው።

9. ፒክአፕ የማይሆንበት ጊዜ

አንድ ማኅበር 100 ኩንታል ጤፍ በአባይ በኩል መላክ ቢፈልግ፣ በአንድ ጉዞ 22 ኩንታል በሚይዝ ፒክአፕና ተሳቢ አምስት ምልልስ ይጠይቀዋል። ሸለቆውን አምስት ጊዜ ሄዶ አምስት ጊዜ ይመለሳል። 10 ቶን የሚችል የጭነት መኪና ግን ይህንኑ በአንድ ጉዞ ያደርሳል። ስለዚህ ረጅም መንገድና ብዙ ጭነት ያለው ማኅበር ከሌሎች ጋር ተባብሮ የጭነት መኪና ቢከራይ ይሻለዋል። ፒክአፕና ተሳቢ የሚስማሙት ከመጋዘን እስከ ቀበሌ ላለው አጭር ጉዞና ለጥቂት ጭነት ነው።

በተጨማሪም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት የከለከለ ስለሆነ፣ የሚፈለገው ፒክአፕ በደንቡ እንዴት እንደሚታይ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። ስለ ተሳቢው ምዝገባና ሾፌሩ ሊኖረው ስለሚገባው መንጃ ፈቃድም አብሮ ይጣራ።

10. ማጠቃለያ

የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማኅበሩ የግዢ ውሳኔ ከማሳለፉ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በስብሰባ ላይ ቢያቀርቡ ይጠቅማል፦

— አምስቱ ክብደቶች ከመመሪያው መጽሐፍ ተገልብጠው ተጽፈዋል?
— ተሳቢው ባዶውንም ተጭኖም ተመዝኗል?
— የተጫነው ተሳቢ ከተጫነው መኪና አይበልጥም?
— ተሳቢው የሚሠራ ፍሬን፣ ሰንሰለት፣ የኋላ መብራትና አንጸባራቂ አለው?
— በመንገዱ ያለው ረጅሙ ቁልቁለት የትኛው ነው? ሾፌሩስ በዚያ ላይ ጭኖ ያውቃል?
— ለፍሬን ሸራ፣ ለጎማና ለዓመታዊ ምርመራ የሚሆን በጀት ተይዟል?

ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ «አዎን» የሚል መልስ ካልተገኘ፣ ቁልቁለቱም በውል ካልታወቀ ግዢው መዘግየት አለበት። የዘገየ ማዳበሪያ ሌላ መላ ሊፈለግለት ይችላል፤ በገደል የጠፋ ሰው ግን አይተካም።