ስቴፋን ስትሬልሲን፦ የዋርሶው የግእዝና የአማርኛ ሊቅ

ሰው የሌላውን ሕዝብ ቋንቋ የሚማርበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ለንግድ፣ ሌላው ለስደት፣ ሌላው ደግሞ ለእንጀራው ይማራል። በእኛም አካባቢ፣ በዱከም፣ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ከተቋቋመ ወዲህ ለሥራ ሲል ቻይንኛ የሚያጠና ወጣት አለ። ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከእንጀራ ባሻገር፣ የሌላውን ሕዝብ ዕውቀት ከጥፋት ለማዳን ሲሉ ዕድሜያቸውን ለቋንቋው የሰጡ ምሁራን አሉ። በዚህ ጽሑፍ ከእነርሱ አንዱን፣ ፖላንዳዊውን ፕሮፌሰር ስቴፋን ስትሬልሲንን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ትምህርታቸውና ማስተማራቸው

ፕሮፌሰር ስትሬልሲን በ1918 ዓ.ም. በዋርሶ ከተማ ከአይሁድ ወገን ተወለዱ። የኢትዮጵያን ቋንቋዎች በፓሪስ ያጠኑት ከማርሴል ኮኸን ዘንድ ነው። ኮኸን በ1910 እና በ1911 ዓ.ም. አገራችንን ተዘዋውረው ያጠኑ፣ በ1936 ዓ.ም. ስለ አማርኛ ቋንቋ ታላቅ መጽሐፍ ያሳተሙ መምህር ነበሩ። ደቀ መዝሙሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ጥናት መሠረቱ። በጦርነቱ በፈራረሰችው በዚያች ከተማ ግእዝና አማርኛ የሚያውቁ ተማሪዎች ማፍራት ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም ፍሬው ታየ። ከተማሪዎቻቸው አንዷ የነበሩት ዮአና ማንቴል ኒየችኮ ከታሪክ ምሁሩ ከአንድዤይ ባርትኒትስኪ ጋር የኢትዮጵያን ታሪክ በፖላንድኛ ጽፈው በ1971 ዓ.ም. አሳተሙ። ይኸው መጽሐፍ በ1978 ዓ.ም. በጀርመንኛ ወጥቷል።

2. ሥራዎቻቸው

ሥራቸውን በሁለት ከፍለን ማየት እንችላለን። የመጀመሪያው የብራና መጻሕፍት ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። ይህ ሥራ ለማያውቀው ተራ ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን አዘጋጁ እያንዳንዱን መጽሐፍ ገልጦ ቅጠሎቹን ይቆጥራል፤ መጠኑን ይለካል፤ በውስጡ ያሉትን ድርሰቶች ለይቶ ይመዘግባል። የጸሐፊውንና የባለቤቱን ስም፣ የተጠቀሰ ንጉሥ ወይም ጳጳስ ካለም እርሱን ፈልጎ የመጽሐፉን ዘመን ይገምታል። ዝርዝር የሌለው መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ቢኖርም ለተመራማሪ እንደጠፋ ይቆጠራል። ፕሮፌሰሩ በ1974 ዓ.ም. በማንቸስተር የሚገኘውን የጆን ራይላንድስ ቤተ መጻሕፍት፣ በ1976 ዓ.ም. በሮም የሚገኘውን የሊንቼይ አካዳሚ፣ በ1978 ዓ.ም. ደግሞ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ከ1877 ዓ.ም. ወዲህ ያገኛቸውን የኢትዮጵያ ብራናዎች ዝርዝር አሳትመዋል።

ሁለተኛው የባሕል ሕክምና ጥናት ነው። ስለ ሕክምና የተጻፉ የኢትዮጵያ መጻሕፍትን ተርጉመው በ1968 ዓ.ም. በዋርሶ አወጡ፤ የዕፀዋትን ስምና አገልግሎት የሚመለከተው ሁለተኛው ክፍል በ1973 ዓ.ም. ተከተለ። ቀደም ሲል በ1955 ዓ.ም. «መፍትሔ ሥራይ» የተባሉትን ጸሎቶች አጥንተዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፦ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ መመርመር ተገቢ ነውን? አንድን ልማድ ማጥናትና በልማዱ ማመን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልናስተውል ይገባል። ሕዝብ በምን እንደሚፈራ፣ በምንስ እንደሚጽናና የማያውቅ መምህር ሕዝቡን ሊያስተምር አይችልምና።

3. ስደታቸው

የፖላንድ መንግሥት በመጋቢት 1968 ዓ.ም. በአይሁድ ተወላጆች ላይ ከፍተኛ ዘመቻ ከፈተ። ብዙዎች ከሥራቸው ተባረሩ፤ ከ10,000 በላይ የሚሆኑትም አገሩን ለቀው ተሰደዱ። ፕሮፌሰር ስትሬልሲንም ያቋቋሙትን የትምህርት ክፍል ትተው በ1969 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ አማካይነት በአይሁድ ላይ የሚደረገውን ጥላቻና ስደት የነቀፈችው ከዚህ ሦስት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1965 ዓ.ም. መሆኑን እናስታውስ። ስደተኛው ምሁር ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ከላይ የጠቀስናቸውን ሦስት የብራና ዝርዝሮች ያሳተሙት በስደት ዘመናቸው ነው። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ በ1981 ዓ.ም. አረፉ። በዋርሶ የዘሩት ዘር ግን ከእርሳቸው ጋር አልተነቀለም፤ ተማሪዎቻቸው ቀጠሉበት።

4. ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

አገር በቀል ዕውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከራሳችን ምሁር መማር እንችላለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚህ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። እናቶቻችን እንዶድን ለዘመናት ተጠቅመውበታል፤ የጎደለው የሚያስተውልና የሚመዘግብ ሰው ነበር።

በዱከም፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እርሻው ለፋብሪካና ለቤት ሲለወጥ ዕፀዋቱ ከመስኩ ይጠፋሉ፤ ስማቸውን የሚያውቁ አረጋውያንም አንድ በአንድ ያልፋሉ። ስለዚህ ወጣቶቻችን ደብተር ይዘው የእያንዳንዱን ዕፅ ስም በኦሮምኛና በአማርኛ፣ የሚበቅልበትን ስፍራ፣ ለምን እንደሚያገለግልና ማን እንደነገራቸው ይጻፉ። ይህ ግን መድኃኒት ለመቀመም አይደለም፤ መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት ሊገድል ይችላልና። በየቤቱና በየአጥቢያው ያሉ አሮጌ መጻሕፍትም ከእርጥበትና ከአይጥ ይጠበቁ፤ ስማቸው ይመዝገብ፤ ለሻጭም አይሰጡ። የባዕድ አገር ሰው ከአገሩ ተሰድዶ እንኳ ያልተወውን ሥራ እኛ በቤታችን ተቀምጠን ብንተወው ምን መልስ ይኖረናል?

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) በአካባቢያችሁ የዕፀዋትን ስም የሚያውቁ አረጋውያን እነማን ናቸው? ዕውቀታቸውን ማን ተቀብሏቸዋል?
ለ) ሰው በትውልዱ ምክንያት ከሥራው ሲባረር የሚጎዳው እርሱ ብቻ ነውን?
ሐ) በአጥቢያችሁ ያሉት አሮጌ መጻሕፍት ተመዝግበዋልን?