ስለ ውኃ መሳቢያ መኪናና ስለ ሐይቅ ውኃ አጠባበቅ

ገበሬ የሰማይን ዝናብ ብቻ ሲጠብቅ የዓመት ኑሮው በጥቂት የክረምት ወራት ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ዝናቡ ቢዘገይ ዘሩ ይጠፋል፤ ከመጠን ቢያልፍም ሰብሉ ይበሰብሳል። ስለዚህ ውኃን ከዝቅተኛ ስፍራ አንሥቶ ወደ እርሻ የሚያደርስ መኪና መገኘቱ ለአገር ትልቅ ረድኤት ነው። ነገር ግን የመኪና ጥቅም የሚገኘው ጠባዩን ያወቀ ሰው በልክ ሲያሠራው ነው። በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ፈቃድ የሚሰጡ ሹማምትም ሆኑ ፓምፕ የሚተክሉ ባለ ይዞታዎች ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈውን ቢያስተውሉት ይጠቅማል።

1ኛ፤ ስለ መኪናው ጠባይ። ብዙ ሰው ፓምፕ ውኃን እንደ ገመድ ይስበዋል ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መኪናው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሲያወጣ፣ በውጭ ያለው አየር በክብደቱ ውኃውን ተጭኖ ወደ ላይ ያወጣዋል። በባሕር ዳርቻ የአየር ክብደት ውኃን እስከ 10 ሜትር ያህል ያነሣል። የሐይቅ ውኃ ግን ከባሕር ወለል እጅግ ከፍ ብሎ ስለሚገኝና በዚያ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ይህ ልክ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። በቱቦው ውስጥ የሚጠፋው ኃይል ሲቀነስ ከ6 ሜትር በላይ መሳብ አያስተማምንም። ስለዚህ መኪናውን ከውኃው አጠገብ ተክሎ ውኃውን ወደ ላይ መግፋት ይገባል እንጂ፣ ከኮረብታ ላይ ተክሎ መሳብ ከንቱ ድካም ነው። እንደዚሁም በዚህ ከፍታ የቤንዚን ሞተር ከኃይሉ ከ5 አንድ እጅ ያህል ስለሚቀንስ፣ ገዢው በወረቀት የተጻፈለትን ኃይል ሁሉ አገኛለሁ ብሎ እንዳይታለል።

2ኛ፤ ስለ ነዳጅና ስለ ፀሐይ ክርክር። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት የነዳጅን ድጎማ ደረጃ በደረጃ መቀነስ ስለ ጀመረ፣ በቤንዚንና በናፍጣ የሚያጠጣ ገበሬ ወጪው ከብዶታል። በፀሐይ ብርሃን የሚሠራው፣ በተለምዶ ሶላር የሚባለው ፓምፕ ግን ነዳጅ አይጠይቅም፤ ጭስም አያወጣም፤ ዘይቱም ወደ ሐይቁ አይንጠባጠብም። እርሱን የሚደግፉ ሰዎች ይህን ሁሉ ይቈጥራሉ። የሚጠራጠሩት ደግሞ የመግዣው ዋጋ እንደሚከብድ፣ ሲሰበርም ጠጋኝና መለዋወጫ በቅርብ እንደማይገኝ ያስረዳሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ክርክር ግን ሌላ ነው። ነዳጅ የሚገዛ ሰው ገንዘቡ እንዳያልቅ መኪናውን ያቆማል፤ ፀሐይ ግን ዋጋ ስለማትጠይቅ የሚያቆመው ምክንያት የለም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ተባለ፣ ያለ ዋጋ የሚቀዳ ውኃም እያስደሰተ ያልቃል።

3ኛ፤ ስለ ሐይቁ ሒሳብ። የሐይቅ ውኃ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገሃድ የሚወጣለት ወንዝ የለም። ስለዚህ የሚገባው ሲያንስ ወይም የሚቀዳው ሲበዛ ገጹ ይወርዳል፤ ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያም መውጫ ስለሌለው በዚያው ይከማቻል።

ለምሳሌ ይህን እናስላ። አንድ ሄክታር አትክልት በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢፈልግ፣ 50,000 ሊትር ማለት ነው። በ100 ቀን 5,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። 1,000 ሄክታር ቢጠጣ 5,000,000 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ ይህም ከሐይቁ ገጽ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ክረምቱ ካልተካው በ10 ዓመት ከ2 ሜትር በላይ ይወርዳል። ያን ጊዜ ዳርቻው ይርቃል፤ የፓምፑም ቱቦ በደረቅ ጭቃ ላይ ይቀራል።

የሐይቁ ገጽ መውረድ እንግዳ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ደሴት የነበረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስፍራ፣ ዛሬ በእግር የሚገባበት ልሳነ ምድር ሆኗል። በሐረር አጠገብ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ደግሞ የከተማ መጠጥና የጫት መስኖ ያለ ልክ ሲቀዳበት፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመልሶ ቢታይም፣ በመካከሉ የተጐዳው ሕዝብ ብዙ ነው።

4ኛ፤ ከሹማምት የሚጠበቀው ሥራ። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት አገልግሎት የሚሆነውን ውኃ ከሌላው ሁሉ ያስቀድማል፤ በውኃ ለመጠቀምም ፈቃድ ያዝዛል። ለእጅ ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ነገር ግን ብዙ ትናንሽ ፓምፖች ሲደመሩ እንደ አንድ ትልቅ ፓምፕ መሆናቸውን ሹም መርሳት የለበትም። ስለዚህ፣

በዳርቻው የተተከለው ፓምፕ ሁሉ ከነኃይሉና ከሚያጠጣው መሬት ስፋት ጋር በመዝገብ ይጻፍ።

በሐይቁ ዳር የሜትር ምልክት ያለበት ምሰሶ ተተክሎ የውኃው ከፍታ በየሳምንቱ ይመዝገብ።

ውኃን በቀጭን ቱቦ ከተክሉ ሥር የሚያንጠባጥበው የጠብታ መስኖ ይበረታታ። ሆኖም በዚህ የተረፈው ውኃ ሌላ አዲስ መሬት ለማጠጣት ከዋለ፣ ለሐይቁ አንዳች አልተረፈለትምና የመሬቱም ልክ ይወሰን።

የውኃው ከፍታ ከተወሰነው ምልክት በታች ሲወርድ፣ ድኻና ባለጸጋ ሳይለይ ሁሉም በተራና በልክ እንዲያጠጣ አስቀድሞ ስምምነት ይደረግ። ውኃ ከጐደለ በኋላ የሚደረግ ሽምግልና ከጠብ አያድንምና።

መኪናውን መግዛት የገበሬው ድርሻ ነው፤ ሐይቁን መቍጠርና መጠበቅ ግን የሹም ነው። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ አባት ያጠጣውን መሬት ልጅም ያጠጣዋል።