ቀለበት አንቴና፦ መስማትና አለመስማት

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ አንቴና ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ሬዲዮ እየተማርን ድምፁ በምን መንገድ እንደሚደርሰን ካላወቅን ግን ትምህርታችን ጎዶሎ ነው እላለሁ።

የአገራችን አማተር ሬዲዮ የጥሪ ምልክት በ«ኢቲ» ይጀምራል፤ ኢቲ3ኤኤ የተባለው የክበብ ጣቢያም ያለው አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ነው። አማተሮች ከሚወዷቸው ባንዶች አንዱ 14 ሜጋኸርትዝ ሲሆን የሞገዱ ርዝመት 21 ሜትር ያህል ነው። የተለመደው አንቴና የዚህን ግማሽ፣ 10 ሜትር ግድም ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት ይዘረጋል? አከራይስ መች ይፈቅዳል?

ቀለበት አንቴና እዚህ ላይ ይመጣል። ወደ 1 ሜትር የሚሰፋ የመዳብ ቱቦ ክብ፣ ተለዋዋጭ ካፓሲተር፣ የሬዲዮው ገመድ የሚያያዝባት ትንሽ የውስጥ ቀለበት፣ ይኸው ነው። በረንዳ ላይ ይቆማል። ጠርዙን ወደ ጣቢያው ስናዞረው በደንብ ይሰማል፤ ፊቱን ስናዞረው ይደክማል።

ብዙ ሰው ባለ አቅጣጫ አንቴና ሲባል የሩቁን መሳብ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን የዚህ ትልቁ ጥቅም አለመስማቱ ነው ባይ ነኝ። የጎረቤት ቻርጀር ወይም ቴሌቪዥን ሲረብሽ የቀለበቱን ፊት ወደዚያው ማዞር ነው፤ ጩኸቱ ቀስ በቀስ ጭጭ ይላል። የሩቁ ጣቢያ ሞገድ ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ በሰያፍ ስለሚወርድ ያን ያህል አይጠፋም።

ጣጣም አለው። ጣቢያ በቀየራችሁ ቁጥር ካፓሲተሩን እንደገና መቃኘት ግድ ነው። ለማሰራጨት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ100 ዋት ሲሰራጭ ካፓሲተሩ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስለሚፈጠር ማንም እንዳይጠጋው!