የማድ ቤት ጢስና የቤተ ሰብ ጤና

ሰው ያለ ምግብ ብዙ ቀን፣ ያለ ውሃም ጥቂት ቀን ሊሰነብት ይችላል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ መቈየት አይችልም። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ ስለሚበላውና ስለሚጠጣው ንጽሕና የሚጠነቀቅ ሰው ሁሉ፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ ስለሚተነፍሰው አየር ሲያስብ እምብዛም አይታይም። ባላገር ሲተርት «ጢስ መውጫ አያጣም» ይላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በብዙ ቤት ጢሱ መውጫውን የሚያገኘው በመጀመሪያ በእናቲቱና በሕፃናቱ ሳንባ ውስጥ ካለፈ በኋላ ነው።

በደጋው አገር፣ በሐማሴንና በአከለ ጉዛይ ህድሞም ሆነ በጎንደርና በሸዋ ጎጆ፣ ከጥንት ዠምሮ የቈየው ልማድ እሳትን በሦስት ጉልቻ መካከል ማንደድ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ወርዱ 60 ሳንቲሜትር ያህል ስለሆነ፣ ዳር እስከ ዳር እኩል እስኪግል ድረስ ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ጋጋሪዋ በእሳቱ ላይ አጎንብሳ፣ ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ፣ ዐይኗ እያለቀሰ ረጅም ሰዓት ትቀመጣለች። በጣሪያው ሥር የተንጠለጠለው ጥቀርሻ የዚህ ምስክር ነው፤ ሣሩን ያጠቈረው ጢስ የሰውን ደረት ሳይነካ አይቀርምና።

አስተዋይ ገበሬ በሬው ቢያስል ምክንያቱን ይመረምራል፤ ጋጣው የታፈነ እንደ ሆነም ግድግዳውን ከፍቶ ነፋስ ያስገባለታል። ይኸው ሰው የሚስቱን ሳል ግን እንደ እርጅና፣ የልጁንም ሳል እንደ ብርድ ቈጥሮ ሲያልፈው ይታያል። ለበሬ የተደረገው ጥንቃቄ ለቤተ ሰብ ሊቀር አይገባም።

በጢስ ውስጥ በተለይ ሁለት ጐጂ ነገሮች አሉ። አንደኛው ደቃቅ ብናኝ ነው። ከዚህም ብናኝ እጅግ ጐጂ የሆነው ከሰው ጠጕር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚቀጥን ሲሆን፣ አፍንጫና ጕሮሮ ሊያግዱት ስለማይችሉ እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይዘልቃል። ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝ ነው፤ ይህም ቀለምም ሽታም የለውም። ወደ ደም በገባ ጊዜ፣ አየርን ተሸክሞ በሰውነት ውስጥ የሚያዞረውን የደም ክፍል ከኦክሲጅን ይልቅ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ በበረታ ኀይል ስለሚይዘው፣ ሰውዬው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2020 ዓመት በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237 ሺ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ሕፃናቱን የሚገድለው በተለይ የሳንባ ምች ሲሆን፣ በአዋቂዎች ላይ ደግሞ ጢስ የማይለቅ የሳንባ በሽታን፣ የልብ ሕመምንና የሳንባ ካንሰርን ያመጣል፤ ከዐይን ሞራ ጋራም ግንኙነት እንዳለው ታውቋል።

በከተማ የሚኖሩ ሰዎች ከሰል ስለማይጨስ ጕዳት የለውም ብለው ያስባሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የከሰል ፍም ዐይንን ሳያስለቅስ መርዘኛውን ጋዝ በብዛት ያወጣል። በክረምት ብርድ ጊዜ ፍም የያዘ ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት፣ ቤተ ሰብን በአንድ ሌሊት የሚያጠፋ ነገር ነው። ከከሰል አጠገብ የተቀመጠ ሰው ራሱን ቢያመው፣ ቢያዞረው፣ ቢያቅለሸልሸው ወይም ቢደክመው፣ ሌላ መድኃኒት በመሻት ጊዜ ሳይጠፋ ወዲያውኑ ወደ ደጅ ማውጣትና ወደ ሐኪም ማድረስ ያሻል። ቡና ሲፈላና ዕጣን ሲጤስም በርን ከፍቶ ማስቀመጥ የማይታለፍ ጥንቃቄ ነው።

ከሽማግሌዎችና ከእመቤቶች ዘንድ የሚነሣ አንድ መቃወሚያ አለ፤ ይኸውም ጢስ ምስጥን ከጣሪያ፣ ነቀዝንም ከዘር እህል ያርቃል የሚል ነው። ይህ አባባል ከንቱ አይደለም፤ ከእሳት በላይ የተሰቀለ የበቈሎ ዘር እየደረቀ ከተባይ እንደሚጠበቅ በተግባር የታየ ነው። ነገር ግን ዘሩን ለማዳን ልጁን ማጨስ አስፈላጊ አይደለም። ማድ ቤቱ ከመኝታው ተለይቶ ከተሠራ፣ ዘሩ በዚያ ተሰቅሎ ሊጤስ፣ ሰዎቹም በንጹሕ አየር ሊያድሩ ይችላሉ።

እንግዲህ አንድ ቤተ ሰብ እንደ አቅሙ ሊሠራቸው የሚችላቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ለጢሱ መንገድ መክፈት። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በግድግዳው ከፍተኛ ክፍል፣ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል፣ ወርዱ አንድ ክንድ ያህል የሆነ መስኮት ይከፈት፤ በተቃራኒው ወገን ደግሞ ዝቅ ያለ በር ወይም ቀዳዳ ለንጹሕ አየር መግቢያ ይተው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ቢኖር አየሩ አይዘዋወርም።

2ኛ/ ማገዶን ማድረቅ። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚጨርሰው በውስጡ ያለውን ውሃ በማትነን ስለሆነ፣ ብዙ ጢስና ጥቂት ነበልባል ይሰጣል። እንጨቱ በበጋ ተቈርጦና ተፈልጦ፣ ዝናብ በማያገኘው ጥላ ሥር ተደርድሮ ይቈይ።

3ኛ/ ማገዶ ቈጣቢ ምድጃ መሥራት። በኢትዮጵያ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ሲሆን፣ ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚከብበው እሳቱ ወደ ጐን አይባክንም፤ ከጉልቻ ጋራ ሲነጻጸርም ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል። በኤርትራም የኢነርጂ ምርምር ማዕከል ያሻሻለው «አድሓነት» የተባለ ሞጎጎ ጢሱን በማውጫ ወደ ደጅ ያስወጣል፤ ይህም ሥራ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2003 የአሽደን ሽልማት አግኝቷል።

4ኛ/ የጢስ ማውጫን በጥንቃቄ መትከል። ማውጫው ከጣሪያው ጫፍ በላይ ይዝለቅ፤ በየጊዜውም ጥቀርሻው ይጠረግ። ጣሪያው ሣር እንደ ሆነ የጋለ ቈርቈሮ ሣሩን እንዳያቃጥል፣ ማውጫውን በግድግዳው በኩል አሳልፎ ከሣሩ አርቆ ማቆም ይሻላል።

5ኛ/ ማብሰያ ጊዜን ማሳጠር። ባቄላና ሽንብራ ከዋዜማው ተዘፍዝፎ ቢያድር፣ ድስቱም ክዳን ቢኖረው፣ እሳቱ የሚነድበት ሰዓት ያጥራል። ምግቡ ከወጣ በኋላም እሳቱን ያለ ሥራ ማጨስ አይገባም።

6ኛ/ ሕፃናትን ማራቅ። ጋገራ በሚካሄድበት ጊዜ ሕፃኑን ከቤተ ሰቡ አንዱ ደጅ ይዞ ይቈይ። ይህ ከጢስ ብቻ ሳይሆን ከቃጠሎም ያድናል።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ፈጽሞ ሌላውን መተው በቂ አይደለም። በማላዊ አገር በገጠር የተካሄደና ውጤቱ በ2016 የታተመ ጥናት፣ የተሻለ ምድጃ በተሰጣቸው ቤተ ሰቦች ዘንድ የሕፃናት የሳንባ ምች እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹም ቆሻሻ ማቃጠልንና ትምባሆን የመሳሰሉ ሌሎች የጢስ ምንጮች መኖራቸውን እንደ ምክንያት አንሥተዋል። ስለዚህ ምድጃውን አሻሽሎ በኩራዝ ጢስ ማምሸት፣ ወይም ከበሩ ፊት ጥራጊ ማቃጠል፣ በአንድ እጅ ሠርቶ በሌላው እንደ ማፍረስ ይቈጠራል። የኤሌክትሪክ መብራት በሚገኝበት ከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉ ይበልጣል፤ በቤት ውስጥ ጢስ የለውምና።

ይህ ጉዳይ የጤና ብቻ ሳይሆን የእርሻም ጉዳይ ነው። እንጨት ባነሰበት አገር ገበሬው ኩበት ያነዳል። ኩበት በሚነድበት ጊዜ መሬትን የሚያለመልመው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋራ ይጠፋል፤ አፈርን የሚያለሰልሰውም ብስባሽ ዐመድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ያው ጢስ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይሰርቃል፤ ከእናቲቱ ጤናን፣ ከማሳው ፍሬን። ለማረሻ በማይመች ተዳፋት ላይ ባሕር ዛፍ ወይም ሌላ የማገዶ ዛፍ የሚተክል ገበሬ ፋንድያውን ለማሳው ያተርፋል። አራት ያህል ከብትና በቂ ውሃ ያለው ደግሞ የባዮጋዝ ጕድጓድ ቢያሠራ፣ ከፋንድያው ጢስ የሌለው እሳት ያገኛል፤ የሚተርፈውም ዝቃጭ ተመልሶ ማዳበሪያ ይሆነዋል።

ከተዘረዘሩት ውስጥ ብዙዎቹ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። መስኮት ለመክፈት የሚያስፈልገው መቈፈሪያና የግማሽ ቀን ጕልበት ነው፤ ማገዶ ለማድረቅም የሚያስፈልገው ቀድሞ ማሰብ ብቻ ነው። ሆኖም ጢሱ የሚያገኛት ሴቲቱን፣ ግድግዳውን የሚቀዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባልየው ስለሆነ፣ ሥራው ሳይዠመር ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ አባወራ አንድ ቀን ጋገራ ሲዠመር ገብቶ፣ ከሚስቱ አጠገብ በዚያው በርጩማ ላይ እስከ መጨረሻው እንጀራ ድረስ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ መስኮቱ በየት በኩል መከፈት እንዳለበት መካሪ አያሻውም።