በአፈሙዝ የምትጎርስ ትንሽ ጠመንጃ፦ አገጣጠሟና አተኳኮሷ

በአሜሪካ የአፓላችያን ተራሮች፣ ከፔንሲልቬንያ እስከ ቴነሲ ባለው ጫካ፣ ሽኮኮ ለማደን ካሊበር 32 የተባለችውን ቀጭን ጠመንጃ የሚይዙ ሰዎች ዛሬም አሉ። የአፈሙዟ ስፋት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባሩዱም የእርሳስ አረሩም በአፈሙዝ በኩል ይገባሉ። አንዴ ተኩሶ የሳተ ሰው ሁለተኛውን እስኪያጎርስ አደኑ ሄዷል። ስለዚህ የዚህች ጠመንጃ ሥራ ሁሉ ያለው ቃታው ከመሳቡ በፊት ነው።

እዚህ ሽኮኮ የምለው ረጅም ጭራ ያለውን፣ ዛፍ ለዛፍ የሚዘለውን እንስሳ ነው፤ በአገራችን ገደል ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ሽኮኮ ሌላ ፍጥረት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ያንን የገደል ሽኮኮና ጥንቸልን ስለሚከለክል ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ የዚህንም ሥጋ እንደማይፈልጉት አውቃለሁ። ለነሱ ወረቀት ዒላማ ላይ መተኮሱ ይበቃል፤ ትምህርቱ አይቀርባቸውም። አጎራረሱም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እንግሊዞች ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ይዘው ሲመጡ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ጠመንጃ በአፈሙዝ የሚጎርስ ነበር።

መጀመሪያ ሕጉን እዩ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ በጥቁር ባሩድ ብቻ የሚሠራ፣ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃን ከጥንታዊ መሣሪያ ይቆጥረዋል። ክፍለ ግዛቶች ግን የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ የአደን ፈቃድና ወቅትም በየቦታው ይለያያል። በሌላ አገር የምትኖሩ የአገራችሁን ሕግ ሳታረጋግጡ ምንም አትግዙ።

ጠመንጃዋን ከባዶ ብረት ለመሥራት አትሞክሩ። ተፈታትታ በሳጥን የምትሸጠውን፣ በርሜሏ በፋብሪካ ተሠርቶ የተፈተነውን ግዙ። እናንተ የምትሠሩት እንጨቱንና ማገጣጠሙን ነው። በርሜሉን ከኋላ የዘጋውን ብሎን በፍጹም አትንኩ፤ የባሩዱን ግፊት የሚሸከመው እሱ ነው።

ክፍሎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ። ከዚያ ምንም ሳትቀቡ፣ በርሜሉን እንጨቱ ውስጥ አስቀምጣችሁ ሁሉንም አንድ ጊዜ ግጠሙ። በርሜሉ ከዳር እስከ ዳር መተኛት አለበት። የሚገፋው ቦታ ካለ በርሜሉን ጥላሸት ቀብታችሁ እንደገና አስቀምጡት፤ እንጨቱ ላይ ጥቁር ምልክት የተወበትን ብቻ በስለት በስሱ ፋቁ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይቸኩላል። የተነሣ እንጨት አይመለስም።

መዶሻው ሲወርድ የመዳቧ መለኮሻ ቆብ የምትደፋበትን ጡት መሀሉን መምታቱን፣ በግማሽ ተነሥቶ ሲቆምም ቃታ ቢሳብ እንደማይወድቅ አረጋግጡ። ከወደቀ ቃታውን ራሳችሁ አትሞርዱ፤ ለባለሙያ ስጡት።

እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው አለስልሱ። በመሀል በእርጥብ ጨርቅ አብሱት፤ የተኛው የእንጨት ቃጫ ይነሣል፣ ሲደርቅ እንደገና አለስልሱት። በመጨረሻ ቶሎ እንዲደርቅ የተዘጋጀውን የተልባ ዘይት በእጃችሁ በስሱ ቀቡ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርቡ። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ ራሱን በራሱ አግሎ ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

አሁን ወደ ተኩስ ሜዳ። መነጽርና የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ባዶ በርሜል ውስጥ መጎስጎሻውን ዘንግ እስከ ታች ሰዳችሁ በአፈሙዙ ልክ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ወዲያ ጠመንጃዋ መጉረሷንና አለመጉረሷን ይህ ምልክት ይነግራችኋል።

በርሜሉን ከዘይት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ባሩዱ ጥቁር ባሩድ ይሁን፣ ደቀቅ ያለው ባለ ሦስት ኤፍ። ጭስ አልባው የዘመኑ ባሩድ ጠመንጃዋን ፈንድቶ ይበታትናታል፤ ትንሽም ቢሆን አትጨምሩ። ለዚህች ጠመንጃ 20 ግሬይን፣ ማለትም 1.3 ግራም ገደማ፣ ጥሩ መነሻ ነው፤ የሠሪው መመሪያ ከሚፈቅደው ግን አትለፉ። ባሩዱን ከመያዣው ቀንድ ወደ በርሜሉ በቀጥታ አታፍስሱ። በርሜሉ ውስጥ የቀረ ፍም ካለ ቀንዱ በእጃችሁ ላይ ይፈነዳል። መጀመሪያ ወደ መለኪያው፣ ቀንዱ ተከድኖ ከራቀ በኋላ ከመለኪያው ወደ በርሜሉ።

ከዚያ በሞራ የታሸ ጥብቅ የጥጥ ጨርቅ አፈሙዙ ላይ አንጥፉ፤ አረሩን መሀሉ ላይ አስቀምጡ። አረሩ 7.9 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3 ግራም የማይሞላ ክብደት ያለው ንጹሕ የእርሳስ ድቡልቡል ነው። የበርሜሉን ጠመዝማዛ ጎድጎድ ነክሶ አረሩን የሚያሽከረክረው ጨርቁ ነው። በአጭሩ መግፊያ አስገቡት፣ ከዚያ በረጅሙ ዘንግ ባሩዱ ላይ እስኪቀመጥ ግፉት። ባሩዱና አረሩ መካከል ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ሊያብጥ ይችላል። ዘንጉን በየጊዜው ከአፈሙዙ አንድ ስንዝር ከፍ ብላችሁ ብቻ ያዙት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከላይ ይዤ ስገፋ ቀጭኑ ዘንግ ተሰብሮ መዳፌን ወጋኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

የመዳቧ መለኮሻ ቆብ የመጨረሻዋ ናት፤ አፈሙዙ ወደ ዒላማው ከዞረ በኋላ ብቻ ትደፋ። ቆቧ ጮኻ ባሩዱ ካልተነሣ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሡ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቁ። ዘግይቶ ይተኩሳልና።

በ25 ያርድ፣ 23 ሜትር ገደማ፣ ከድጋፍ ላይ ሦስት ሦስት እየተኮሳችሁ አስተካክሉ። ጥይቱ ዝቅ ካለ የፊቱን ማነጣጠሪያ በሞረድ በጥቂቱ አሳጥሩ፤ ጥይቱ ይወጣል። ወደ ጎን ካፈነገጠ የኋላውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ ግፉ። ይህች ቀጭን በርሜል ቶሎ ትቆሽሻለችና በየተኩሱ መሀል እርጥብ ጨርቅ አሳልፉባት።

የተኮሳችሁበትን ጨርቅም ከመሬት አንሥታችሁ አንብቡት። ሙሉና ጠቆር ያለ ከሆነ ሁሉ ደኅና ነው። ከተቃጠለ ቅባቱ ወይም ውፍረቱ አንሷል። ስል ቢላ እንደቆረጠው ከተቀደደ የአዲሱ በርሜል ጠርዝ ገና አልለሰለሰም።

ጫካ ስትገቡ ከ25 ያርድ በላይ አትተኩሱ። ጭንቅላቱን ብቻ አልሙ፤ እንስሳው ሳይሠቃይ ይወድቃል፣ ሥጋውም አይበላሽም። ከግንድ ጋር የተጣበቀውን ጠብቁ እንጂ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሰማይ ከጀርባው ያለውን ተዉት። የሳተ አረር ብዙ መቶ ሜትር ይሄዳል፤ የት እንደሚያርፍም አታዩም።

የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ ከአየር እርጥበት ስቦ ብረት ይበላል። ስለዚህ ማታውኑ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ ዘይት ቀቡ። አንድ ሌሊት እንኳ ሳትታጠብ አታሳድሯት።